ደርሻለሁ

ልጅቷ ትምህርት ቤቷ ስትገባ «ደርሻለሁ» ብላ ላከችልኝ። አንዲት ቃል። ከሐሙስ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ስለሰነበተ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ስልኩን ላስቀምጥ ስል የቀኝ አውራ ጣቴ ጎኑ ላይ የሌለችውን መዘውር ፈለገ። ስንት ዓመት አልፎ!

ዋሽንግተን፣ ኬ ስትሪት፣ የጠበቆቹ ቢሮ እያለሁ ነው። ብላክቤሪ ያኔ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ኢሜይል የምትቀበልና የምትልክ ጥቁር ዕቃ ነበረች እንጂ ስልክ እንኳ አልነበረችም፤ አይደወልባትም። የካናዳው ኩባንያ ሪሰርች ኢን ሞሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ብላክቤሪ ብሎ ያወጣት። በአንዲት ተራ ድንጋይ ባትሪ ሳምንታት ትቆያለች። መዘውሯን በአውራ ጣት እያሽከረከርክ የምትፈልገው መስመር ላይ ስትደርስ ጫን ታደርጋታለህ፤ ኢሜይሉ ይከፈታል።

ለየጠበቃው የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ ሳገናኛት፣ ማውሱን እንዲያው ወዲያ ወዲህ አድርግ የሚል መመሪያ ይመጣል። ኢሜይሉን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፍበትን የምስጢር ቁልፍ የሚሠራው ከእጄ እንቅስቃሴ ነበር። ያቺን ደቂቃ እወዳት ነበር። የሰው እጅ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይሄድማ።

ኢሜይል እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተር ፊት ሄደህ፣ ከፍተህ፣ መጣ አልመጣ ብለህ የምታየው ነገር ነበር። በዚህች ግን ራሱ ይመጣል። ቢሮ ያለው ፕሮግራም ደብዳቤው እንደገባ አንስቶ ይልከዋል፤ ወገብህ ላይ ትንቀጠቀጣለች። እኔ እስከ ዛሬ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ያ ማክሰኞ፣ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 የሚሉት፣ ለእኛ መስከረም 1 ቀን 1994 ነበር። ለእማዬ እንኳን አደረሰሽ ልላት የስልክ ካርድ ገዝቼ ኪሴ ከትቻለሁ። ፔንታጎን ከተመታ በኋላ ግን ስልክ የሚባል አልያዝ አለ። ቁጥሩን ደጋግሜ እመታለሁ፣ ተይዟል። ብላክቤሪዋ የምትሄደው በድምፅ ስልኩ መስመር ሳይሆን ለጽሑፍ መልእክት በተዘረጋ ሌላ የሬዲዮ መረብ ስለነበር እሷ ትሠራለች። አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ከወገባቸው ፈትተው ሰጡኝ። «ለእናትህ ጻፍ» አሉኝ።

እማዬ ኢሜይል የላትም። በወንድሜ የመሥሪያ ቤት አድራሻ፣ በፈረንጅ ፊደል፣ «ደህና ነኝ ለእማዬ ንገራት» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር «ደህና»ን ሁለቴ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። መዘውሯን ተጫንኩ፤ መሄዱን የምታሳየው ምልክት ብቅ ስትል ጉልበቴ ከዳኝ፣ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አሁን ታውቃለች ብዬ።

እንቁጣጣሽ መሆኑን ያን ያህል እያወቅኩ፣ የወንድሜ ቢሮ ዝግ መሆኑ ለምን እንዳልታየኝ አላውቅም። መልእክቷ እዚያ ዝግ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አደረች። ወንድሜ ያነበባት ረቡዕ ጠዋት ሥራ ሲገባ ነው።

ሐሙስ ስልኩ ሲሠራልኝ እማዬ «ደርሶኛል ልጄ፣ ደርሶኛል» አለችኝ። መቼ እንደደረሳት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ዓመቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ በዚያች ዕቃ ወዲያው እንዳሳወቅኳት ሳወራ ከረምኩ። እህቴ ናት ከቀብሩ በኋላ የነገረችኝ፤ እማዬ የበዓል ቀሚሷን ሳታወልቅ፣ ቄጤማው እንደተጎዘጎዘ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ አነጋችው።

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ አውቃለች ብዬ። እሷ «ደርሶኛል» ስትለኝ ይህን አስባ ይሆን? ወይስ ጠዋት ላይ ያቺን መስመር ስትሰማ ሌሊቱ ከልቧ ጠፍቶላት ነበር?