ጉልላቱ ይቆየን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ የዶሮው ዋጋ እንዳስደነገጣችሁ አውቃለሁ። ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ያላችሁ ደግሞ በዓሉ ሐሙስ ስለዋለ ድግሱን ወደ እሁድ ገፍታችሁታል። ይሁን፣ ዋናው መድረሱ ነው።

ዘንድሮ ስለ ገበሬውና ስለ ገጠሯ ቤተ ክርስቲያን ላወራችሁ ነው። እንቁጣጣሽ ለከተሜው የጥጋብ በዓል ነው። በገጠር ግን መስከረም ሲጠባ ጎተራው ባዶ ነው። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ገብሱም ቢፈጥን እሸት ነው። ያለፈው ዓመት እህል ክረምቱን አላለፈም። እኛ ፎቶ የምንነሳበት አደይ አበባ ያለበሰው ሜዳ ዳር ያለችው እናት ዱቄቱን ከጆንያው ታች ታራግፋለች። ብዙው ገበሬ ይህን ጊዜ የሚሻገረው ተበድሮ ነው፤ ከነጋዴ ይወስድና ታኅሣሥና ጥር ላይ እህሉ ሲወቃ፣ ገበያው ሞልቶ ዋጋው በወደቀበት ሰዓት፣ ሸጦ ይከፍላል። ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ሲመጣ እንደገና ይበደራል። እንዲህ እያለ ዓመት ይዞራል።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገናኛት? ያገናኛታል። የግብርና ባለሙያው ይዛወራል። ፕሮጀክቱ ጊዜው ሲያልቅ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቀበሌ ያለችው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ደግሞ የገጠር ቄስ ማለት ራሱ ገበሬ ነው፤ ቀድሶ ወጥቶ፣ ቀኑ በዓል ካልሆነ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ማሳው ይወርዳል። ዝናብ ሲዘገይ ምህላ የሚያደርሰው ለሌላ ሰው ማሳ ብቻ አይደለም። ንስሐ አባት ሆኖ በየቤቱ ይገባል። ባልና ሚስቱ ለምን እንደተኳረፉ፣ የማዳበሪያው ብር የት እንደገባ፣ የትኛው ልጅ ለሰሊጥ አረም መተማ ሊወርድ እንደቋመጠ ያውቃል። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ቁጭ በሉና አዳምጡ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ከዚያ ወሬው ሁሉ የእርሻ ነው፦ የማን በሬ ታመመ፣ የማን ስንዴ ዋግ መታው፣ ዩሪያ መቼ ይገባል። ይህን የመሰለ ስብሰባ የትኛውም መሥሪያ ቤት አበል ከፍሎ እንኳ አይጠራውም።

እውነቱን ለመናገር ግንኙነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኗ በዘመኗ ባለመሬት ነበረች። የአገሩ መሬት ሲሶ የቤተ ክርስቲያን ነው የሚባለው ነገር፣ ለካህናቱ አገልግሎት የሚሰጠው የሰሞን መሬት፣ ግብሩ፣ አያቶቻችን የሚያወሩት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ያ አበቃ። እኔ ክፉ ሆነ አልልም። ከመሬት ከበርቴነቱ ወጥታ ከገበሬው ጋር እኩል የዝናብ ጥገኛ ሆነች። በእጇ የቀረው ቅጥር ግቢዋ ነው።

ያ ግቢ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ሰው ያውቀዋል። ታርሶ ያለቀ ቡናማ መሬት ነው፣ በመሀሉ እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ። እያንዳንዱ አረንጓዴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዝግባው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው የቀረው እዚያ ነው። ብዙዎቻችሁ በመጻሕፍቱ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በዚያው ዞን በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ከ160 በላይ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ ቆጥረዋል። የግቢውን ዛፍ አትቁረጡ የሚለው ግዝት ባይኖር ይሄ ሁሉ ማገዶ ሆኖ ነበር።

ለገበሬው ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። የአገር በቀል ዛፍ ዘር ከየት ይለቀማል? ከዚያው። ንቧ የባቄላውን አበባ ጎብኝታ የምታድረው የት ነው? ብዙ ቦታ ከማሳው አጠገብ ሌላ ጫካ የላትም። ማሩ ለገበሬው፣ ሰሙ ለጧፍ፣ ጧፉ ተመልሶ ለቅዳሴ። ምንጩም ብዙ ጊዜ ከግቢው ሥር ነው የሚፈልቀው፤ ጠበል የምንለው።

ችግሩ ደኑ እያረጀ ነበር። ደብረ ታቦር አካባቢ አንድ ደብር ስገባ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ከላይ ስታዩ ጥቁር ጥላ፣ ግርማ ሞገስ። ከታች ወጣት ዛፍ የለም። ከብት እየገባ ቡቃያውን ሁሉ ይለቅመዋል፣ የተረፈውን ይረግጠዋል። ዓለማየሁ በጥናቱ ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ከብት ካልገባ ቡቃያው ይነሳል። ስለዚህ እሱና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር መክረው በብዙ ደብር ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው። ድንጋዩ የተለቀመው ደግሞ ከገበሬው ማሳ ነው። ደስ የሚለኝ ይሄኛው ነው። በሬውን ሲያደናቅፍ፣ ማረሻ ሲሰብር የኖረ ድንጋይ ከማሳው ወጥቶ ደኑን ከበበ። በአንድ ሥራ ማሳውም ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ። ካህናቱ አንዳንድ ቦታ ካቡን ከደኑ ዳር አልፈው ሰፋ አድርገው እንዲካብ ማድረጋቸውን ስሰማ ሳቅሁ፤ መሬት የሚወድ ቄስ አላጣንም። ግን ለዛፍ ከሆነ ይስፋ።

ይሄ የኦርቶዶክስ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወንጌላውያኑ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በ2002 እ.ኤ.አ. አዳማ ላይ በጣት በሚቆጠሩ የራስ አገዝ ቡድኖች ጀመረች። ቡድኖቹ በአብዛኛው የድሃ ድሃ የሆኑ ሴቶች ናቸው፤ በየሳምንቱ ሳንቲም የምታህል ብር ይቆጥባሉ፣ ከዚያው እርስ በርስ ይበደራሉ። ዛሬ በብዙ የአገሪቱ ክፍል አሉ፣ ሌሎች ድርጅቶችም ወስደውታል። የመስከረሙን ብድር ከአራጣ አበዳሪ ሳይሆን ከጎረቤቷ ጋር ካጠራቀመችው የምታገኝ ሴት እህሏን በጥር በርካሽ አትጥልም። ወላይታ ላይ ደግሞ እነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት መሬትን ደጋግሞ ሳያርሱ ማምረትን ያስተምራሉ። መሬቱን ብዙ አታገላብጡት፣ ገለባውንና አገዳውን ማሳው ላይ ተዉት፣ እህል አፈራርቁ ነው ነገሩ። ገለባውን ተዉት ማለት ግን ለተናጋሪ ቀላል ነው። ላሚቱ ምን ትብላ? እዚህ ላይ ገበሬው ሲያመነታ ሰነፍ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ያናድዱኛል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ በተለይ ውጭ አገር ወዳላችሁት። በየበዓሉ ስልክ ይደወላል። የአያት አገር ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ነው፣ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ጉልላቱ ቀርቷል፣ እጃችሁ ከምን? እናንተም ትልካላችሁ፣ ስለቴ ነው ትላላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን አይቻለሁ። ለአዲሱ ሕንፃ ሲባል ዕድሜ ጠገብ ወይራ ተቆርጦ፣ የተረፈው ቦታ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎ፣ ግቢው በሲሚንቶ ተለብጦ። ሕንፃው ያብለጨልጫል፤ ዙሪያው ያለው ምእመን ግን መገበሪያ የሚያመጣው ከልጆቹ ቀንሶ ነው። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ባሕር ዛፉስ ገቢ ነው ይሉኛል፣ ልክ ነው፣ ለካህናቱ ደመወዝ ሌላ ምንጭ ካልተገኘለት መቆረጡን ማንም አያቆመውም። እንግዲያው ለካህናቱ የንብ ቀፎ ብንገዛላቸውስ? ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች የዋንዛ ችግኝ ማፍያ ብናቆምስ? ለሰንበቴው ማኅበር ገበሬው በክረምት የሚበደርበትና በጥር የሚመልስበት የእህል ጎተራ ብንሠራላቸውስ?

ያለፉት ዓመታት የሰሜኑ ገበሬ ያየውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ ከአንዱ ቦታ ሌላው ቦታ እየዞረ ነው። ዘር ይዞ ወደ ማሳ መሄድ ራሱ የሚያስፈራበት ወረዳ አለ። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፣ በጸሎት አስቡት።

ስለዚህ ለመስቀል አገር ቤት የምትገቡ፣ ወይም ኮሚቴው የሚደውልላችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁልኝ። ግቢው ታጥሯል ወይ? ከብት ይገባል? ባለፈው ክረምት ስንት ቤተሰብ እህል አለቀበት? ካህናቱ ኑሯቸው በምንድን ነው? መልሱን ሰምታችሁ ብሩን ለካቡ፣ ለቀፎው ወይም ለጎተራው አድርጉት። ኮሚቴው ቅር ካለው በእኔ አሳብቡ፣ ስሜን ስጡ። ጉልላቱ ለዳግማዊ ትንሣኤ ይደርሳል።

መልካም አዲስ ዓመት!