ያልተከፈተው ካርቶን

አይፎኑ የመጣው በፋሲካ ሰሞን ነው። የአጎቴ ልጅ ከዴንቨር ሲመጣ ለእናቴ ሻል፣ ለአባቴ የእጅ ሰዓት፣ ለእኔ ደግሞ ላስቲኩ እንኳ ያልተነካ አይፎን 12 ይዞልኝ መጣ። እኔ ስልክ አለኝ። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል። የሌለኝ ፍሪጅ ነው። በዚያ ሰሞን የሐዋሳ ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ወጥ አያሳድርም። ስለዚህ ስልኩን ሸጬ ፍሪጅ ልገዛ ወሰንኩ።

«ካርቶኑን እንዳትከፍቺው!» ያላለኝ ሰው የለም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ስልክ ቤት ያለው ጎረቤታችን፣ ሁሉም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ላስቲኩ ካለ ስልኩ «ፓክድ» ነው። ከተቀደደ፣ አንድ ቀን ባይሠራበትም፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይባልና ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። እኔም ካርቶኑን ቁም ሳጥን ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ቴሌግራም ላይ ባወጣሁት ማግስት አንድ ወጣት ደወለ። ፒያሳ አንድ ካፌ ተገናኘን። አጎቱን ይዞ ነበር የመጣው። አጎትየው ካርቶኑን አገላበጡት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ላስቲኩን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉና «ኦርጅናል ነው» ብለው ፈረዱ። ገንዘቡ በባንክ ገባልኝ። ማኪያቶውንም እነሱ ከፈሉ። እኔ ከዚያ በቀጥታ ሄጄ የፍሪጁን ቀብድ ሰጠሁ።

ማታ ላይ ልጁ ደወለ።

«እህቴ፣ ስልኩ ሲም አልቀበልም አለ።»

«አውጥተህ መልሰህ አስገባው» አልኩት። የእኔ እውቀት እስከዚያ ድረስ ነበር።

አስር ጊዜ አውጥቶ አስገብቶታል። የቴሌውን ሞክሯል፣ የጓደኛውን የሳፋሪኮም ሲምም ሞክሯል። ስልኩ የሚጽፈው አንድ ነገር ነው፦ «ሲም ኖት ሰፖርትድ»።

በነጋታው ሦስታችንም አረብ ሰፈር አንድ ጥገና ቤት ተገኘን። ጥገና የሚሠራው ልጅ ስልኩን ለመፍታት እንኳ አልሞከረም። ሴቲንግ ገባ፣ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት። ወደ ታች ወረደና «ኬሪየር ሎክ» የሚለውን መስመር በጣቱ አሳየን። «ሲም ሎክድ» ይላል። ነፃ የሆነ ስልክ እዚያ ቦታ ላይ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ነው የሚለው።

«ይሄ የኮንትራት ስልክ ነው» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ስልክ የሚወስደው ከስልክ ኩባንያ ነው፣ በየወሩ እየከፈለ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት። ኩባንያውም ስልኩን ከራሱ ሲም ውጪ እንዳይሠራ ይቆልፈዋል። ቁልፉ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም። አይፎን ገና ሲከፈት ከአፕል ጋር ይገናኛል፤ በመለያ ቁጥሩ ታይቶ የተቆለፈ ወይም ነፃ መሆኑ የሚወሰነው እዚያ ነው። ያንን መዝገብ የሚያስቀይረው የሸጠው ኩባንያ ብቻ ነው። ቴሌ ቢሮ ብትሄዱ ሊፈቱላችሁ አይችሉም። የእነሱ ጥፋትም አይደለም።

ጥገናው ልጅ አንድ መላ ነበረው። «አር ሲም ልግጠምበት?» አለ። ከሲሙ ሥር የምትለጠፍ ስስ ቺፕ ናት፤ ስልኩን ታታልለዋለች። ትሠራለች፣ ግን ስልኩ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ልትከሽፍ ትችላለች። አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ የገዛነው ስልክ ነው እንጂ እንቆቅልሽ አይደለም» አሉ።

ምን እላለሁ? ብሩን መለስኩ። የፍሪጁ ቀብድ ሄዷልና የጎደለውን ከእናቴ ተበድሬ ሞላሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። አጎትየው ግን ሲለዩን «ልጄ፣ የማታውቂውን ዕቃ አትሽጪ» አሉኝ። ያቺ ቃል ከብሩ በላይ አንገበገበችኝ።

የአጎቴ ልጅ ገና አልተመለሰም ነበርና ማታውኑ ያዝኩት። «ስልኩን ከፍለህ ጨርሰሃል?» ስለው ወደ ጣሪያ አየ። በየወሩ ከሂሳቡ ይቆረጣል አሉ! ሰውየው ዕዳውን ነው በስጦታ ወረቀት ጠቅሎ የሰጠኝ። መክፈል ቢያቆም ኖሮ ደግሞ ኩባንያው የስልኩን መለያ ቁጥር ጥቁር መዝገብ ውስጥ ሊያስገባው ይችል ነበር።

ኩባንያው ጋ ደወለ። ሁለት ነገር ጠየቁት። አንደኛ፣ ቀሪው ክፍያ በሙሉ ይከፈል። እሺ። ሁለተኛ፣ ስልኩ በእነሱ ኔትወርክ ላይ ቢያንስ 60 ቀን የሠራ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ያሳቀኝም ያበሸቀኝም። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም! ያልሠራውም እኔ ካርቶኑን እንደ ታቦት ስለጠበቅሁት ነው። ላስቲኩ እስካለ ድረስ ስልኩ ነፃ ሊወጣ አይችልም፤ ነፃ እንዲወጣ ላስቲኩ መቀደድ አለበት። ሁላችንም ዋጋ የምንሰጠው ያ ላስቲክ ችግሩን ከእኔም ከገዢውም ደብቆ የያዘ መጋረጃ ነበር።

ስልኩ ተመልሶ ዴንቨር ሄደ። የአጎቴ ልጅ ቀሪውን ከፈለ፣ ሲሙን አስገብቶ ሁለት ወር ተናገረበት፣ አስፈታው፣ ነሐሴ ላይ ሰው አግኝቶ ላከው። አሁን «ስላይትሊ ዩዝድ» ሆኗል። አልከፋኝም።

አንዲት አስተማሪ ልትገዛው መጣች። ዋይፋይ ያለው ካፌ መረጥኩ። ስልኩን ፊቷ ከፈትኩት፣ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚለውን አሳየኋት፣ ኮራሁ። ከዚያ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተን ልናጸዳው ስንል ስልኩ የአፕል አካውንት የይለፍ ቃል ጠየቀ። የአጎቴ ልጅ የራሱን አካውንት ሳያወጣ ነው የላከው! እኛ ጋ ቀን 6 ሰዓት ነበር፤ እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ አያነሳም። አስተማሪዋ ሁለተኛ ሻይ አዘዘች።

ይሄ ደግሞ ከሲሙ ቁልፍ ፈጽሞ የተለየ ቁልፍ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ አይፎን ላይ አለ። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልወጣ፣ ስልኩ ቢጸዳም ለአዲሱ ሰው አይከፈትም። አንድሮይድም የጉግል አካውንት ሳይወጣ በጉልበት ከተጸዳ እንዲሁ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል። ለሌባ ነው የተሠራው፣ ግን የሚረሳ ዘመድንም ከሌባ አይለይም። እንደ ዕድል ሆኖ አስተማሪዋ ታጋሽ ናት፤ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። የአጎቴ ልጅ ሲነቃ ከኮምፒውተሩ አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት አገልግሎት) ገብቶ ስልኩን አጽድቶት፣ ከአካውንቱም አውጥቶት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጣጣ አልነበረውም። የራሷን ሲም አስገባች፣ ወደ እኔ ደወለች፣ ዳታ ከፍታ አየች። *#06# ደውለን የወጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጀርባ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። አባቴ ወረቀት ካልተጻፈ ሽያጭ አይባልም ስለሚል፣ ያንን ቁጥርና የሁለታችንን ስም ጽፈን በሁለት ቅጂ ፈረምን። ብሩ መግባቱን ደግሞ እሷ ያሳየችኝን መልእክት ሳይሆን የራሴን ሂሳብ ከፍቼ አየሁ። ሰው መጠርጠሬ አይደለም፤ ባንክ ቤት ስለምሠራ የተቀናበረ መልእክት ስንት ሰው እንዳስለቀሰ አውቃለሁ። ፍሪጁም ገባ፤ ካሰብኩት ትንሽ አነስ ያለ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የስልክ አዋቂ አድርጎኛል። ከውጭ ሰው ሊመጣ ሲል «እስኪ ጠይቂልን» ይሉኛል። የምጠይቀው ዕቃው ሻንጣ ሳይገባ ነው። ከየት ተገዛ? ሙሉ ተከፍሏል ወይስ በየወሩ? ከአፕል በቀጥታ የሚገዛ ሰው የስልክ ኩባንያ ሳይመርጥ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ቢወስድ ነፃ ስልክ ነው የሚያገኘው።

ሳምሰንግ የራሱ ጉድ አለው። አንዳንዱ ካርቶን ላይ፣ መጀመሪያ በተሸጠበት አህጉር ሲም መከፈት እንዳለበት የሚገልጽ ትንሽ ጽሑፍ ይለጠፋል። በዚያ ሲም በድምሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተደወለበት በኋላ የትም ይሠራል። ካልተደወለበት እዚህ መጥቶ ሲም አልቀበልም ሊል ይችላል። ጀርመን ላለችው ለጎረቤታችን ልጅ «ካርቶኑን ክፈችና እናትሽ ጋ ደውይበት» አልኳት። እናቷ «የእኔ ልጅ 5 ደቂቃ ያነሰባት መቼ ነው?» ብለው ሳቁ።

ሌላም አለ። ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጡት የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ እንኳ የላቸውም፤ ኢሲም ብቻ ነው፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም። ቴሌ ኢሲም ይሰጣል፣ ችግሩ ገዢው ነው። ስልኩን ዙሪያውን ሲዳስስ ቆይቶ «ሲሙ በየት በኩል ነው የሚገባው?» የሚል ሰው አይቻለሁ። ይህን በማስታወቂያው ላይ ቀድሞ መጻፍ ከካፌ ጭቅጭቅ ያድናል። የመለያ ቁጥሩ የሚታይበትን የካርቶን ፎቶ ግን ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ፤ ቁጥሩን ሸፍናችሁ ለጥፉ፣ ከልቡ ለሚገዛው በአካል አሳዩት።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ደውሎ ለመስቀል እንደሚመጣ ነገረኝ። «ዘንድሮም ስልክ ይዤልሽ ነው የምመጣው፣ ፓክድ ነው!» አለኝ ደስ ብሎት። ክፈተውና አባውት ላይ ያለውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። እስካሁን አልላከም።