ከ1922 እስከ 1960፦ የድሮ ቫምፓየር ፊልሞችን በተራ እያየሁ የተማርኩት

የድሮ የቫምፓየር (ከመቃብር ተነስቶ የሰው ደም የሚመጥ ምናባዊ ሙት) ፊልሞችን በወጡበት ዘመን ቅደም ተከተል እያየሁ ነው። ከ1922 ተነስቼ አሁን 1960 ደርሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። እንደኔ የድሮ ፊልም ለምትወዱ፣ ከየት ልጀምር ለምትሉም፣ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሳበኝ ታሪኩ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን አሠራሩ ያዘኝ። እነዚህ ሰዎች ኮምፒውተር አልነበራቸውም። መብራት፣ ጥላ፣ ጨርቅና ትዕግሥት ነበራቸው። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ሲያስፈራኝ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። መብራቱ ከየት እንደመጣ፣ ካሜራው የት እንደቆመ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

የጀርመኑ «ኖስፌራቱ» በ1922 የወጣ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ሙርናው፣ ቫምፓየሩን የሚጫወተው ማክስ ሽሬክ ነው። መላጣ፣ ጆሮው የሾለ፣ ጣቶቹ የረዘሙ፣ የፊት ጥርሶቹ እንደ አይጥ የወጡ። በጣም የታወቀው ትዕይንት ላይ ግን እሱን አናየውም። ደረጃውን የሚወጣው ጥላው ብቻ ነው። ቀጥሎ የእጁ ጥላ በሴትየዋ ነጭ ልብስ ላይ ይሄዳል፤ ልቧ ጋ ሲደርስ ጭብጥ ይላል። እሷም ትንፈራገጣለች። ጣቱን እንኳ አላሳረፈባትም! ይህችን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንደመለስኳት አልነግራችሁም።

ሌላው የወደድኩለት ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ የጀርመን ፊልሞች ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ሰፈር ነበር የሚቀረጹት። ሙርናው ግን የጀርመን ከተሞች እስከሆኑት ቪስማርና ሉቤክ ድረስ ሄዶ እውነተኛ መንገድ ላይ ቀረጸ። ለቫምፓየሩ መኖሪያ ደግሞ ስሎቫኪያ ያለውን የኦራቫን ግንብ ተጠቀመ። መጥቶ የሚገባበት ቤት የሉቤክ የድሮ የጨው መጋዘን ነው፤ ዛሬም ቆሟል። ፍርሃቱ ሰው ወደሚኖርበት ከተማ የገባ የሚመስለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ስታዩት ቀለም የተነከረውን፣ የታደሰውን ኮፒ ፈልጉ። የያኔው ፊልም በጨለማ መቅረጽ ስለማይችል የሌሊቱ ትዕይንት የተቀረጸው በቀን ነው። ከዚያ ሌሊት እንዲመስል ሰማያዊ ቀለም ይነከራል። ቀለሙ የሌለበትን ኮፒ ካያችሁ ቫምፓየሩ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ ታያላችሁ። ታሪኩ ደግሞ የሚያልቀው የጠዋት ፀሐይ ስትገድለው ነው! በነገራችን ላይ ፀሐይ ቫምፓየርን ትገድላለች የሚለውን ያመጣው ይሄው ፊልም ነው። የፊልሙ ታሪክ በተወሰደበት በብራም ስቶከር ልብ ወለድ ቫምፓየሩ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ የሚደክመው ኃይሉ ብቻ ነው።

ፊልሙ ለእኛ መድረሱ ራሱ ይገርመኛል። ሠሪዎቹ የስቶከርን ታሪክ ያለ ፈቃድ ነበር የወሰዱት። የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች፤ የጀርመን ፍርድ ቤትም ኮፒዎቹ እንዲጠፉ በ1925 ወሰነ። ደግነቱ አንዳንዶቹ ቀድመው ውጭ አገር ወጥተው ነበር።

የ1931ዱ «ድራኩላ» ላይ የተማርኩት ዝምታን ነው። ከመክፈቻው የቻይኮቭስኪ ዜማና ከአንድ የቲያትር ቤት ትዕይንት ሌላ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። ዛሬ ሙዚቃ ቀድሞ «አሁን ፍሩ» ይለናል። እዚህ የሚነግረን የለም። ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ክራንቻ እንኳ አያሳይም። ደረጃው ላይ ሻማ ይዞ ይቆማል፤ ቃላቱን ቀስ እያለ ያወጣል፤ ዓይኖቹ ላይ ብቻ ጠባብ ብርሃን ያርፋል። በቃ። ታሪኩ ለንደን ሲገባ ግን ይቀዘቅዛል። ሰዎች ሳሎን ውስጥ ቆመው ያወራሉ፤ ከመድረክ ተውኔት መምጣቱ እዚያ ላይ ያስታውቃል።

ይህን ያየ ሰው የስፓኒሹን «ድራኩላ» ሳያይ እንዳያልፍ። ድምፅ ያላቸው ፊልሞች ገና ብቅ ያሉበት ጊዜ ስለሆነ ስቱዲዮው ስፓኒሽ ለሚናገር ተመልካች ሌላ ፊልም ሠራ። የእንግሊዝኛው ቡድን ቀን ይቀርጻል፤ ማታ የስፓኒሹ ቡድን እዚያው ቤት፣ እዚያው ደረጃ ላይ ይገባል። እኔ ሁለቱን ትዕይንት በትዕይንት አነጻጸርኩ። ድራኩላ እንግዳውን በሚቀበልበት ቦታ የስፓኒሹ ካሜራ ከታች ተነስቶ ደረጃውን ሽቅብ ይበራል። በካሜራ ሥራ የስፓኒሹ ይበልጣል ባይ ነኝ። በተዋናይ ግን ሉጎሲን የሚተካ የለም። ስለ ቀረጻ መማር ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

የካርል ድሬየር «ቫምፒር» በ1932 ነው የወጣው። ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ ታሪኩ እንደ ቅዠት ይቆራረጣል። ካሜራው ፊት ስስ ሻሽ ዘርግተው ስለቀረጹት ሁሉም ነገር ጭጋግ የለበሰ ነው። አንድ ቦታ ሰውየው ራሱን ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ያያል። ከዚያ ካሜራው ሬሳው ይሆናል። በሣጥኑ ትንሽ መስታወት በኩል ሻማውን፣ ሰማዩን፣ ዛፎቹን እያየን ወደ መቃብር እንሄዳለን። ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ አድርጉት።

ሐመር የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ በ1958 የራሱን «ድራኩላ» በቀለም ይዞ መጣ። ደሙ ቀይ ነው፤ ድራኩላን የሚጫወተው የክሪስቶፈር ሊ ክራንቻም በደንብ ይታያል። ሊ በጠቅላላው የሚታየው ከ10 ደቂቃ በታች ነው፤ ሆኖም በሌለበትም ይከብዳል። የጄምስ በርናርድ ሙዚቃ ሚናው ትልቅ ነው፤ ሦስቱ ኖታዎች «ድራ-ኩ-ላ» ብለው ስሙን ይጠሩታል። መጨረሻው ላይ ቫምፓየር አዳኙን የሚጫወተው ፒተር ኩሺንግ መጋረጃውን ገንጥሎ ሲጥል የ1922ቷ ፀሐይ ተመልሳ ትመጣለች።

ሰሞኑን ያለሁት ከጣሊያናዊው የካሜራ ባለሙያ ማሪዮ ባቫ ጋር ነው። «ኢ ቫምፒሪ» በተባለው የ1957 ፊልም አንዲት ቆንጆ ሴት ካሜራው ሳይቋረጥ ታረጃለች። ዘዴው የመብራት ነው። የፊቷ መጨማደድ በቀለም ይሣላል። በቀይ መብራት ቀይ መስመር አይታይም። መብራቱ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቀለም ሲቀየር መስመሩ ይጠቁራል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ተመልካቹ የመብራቱን መቀየር አያውቅም። እኔም በቀይ ሊፒስቲክ እጄ ላይ መስመር አሥምሬ፣ ስልኬን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። በቀይ መብራት መስመሩ ጠፋ፤ በሰማያዊ ደግሞ ድንገት ብቅ አለ። መብራቶቹን በእጅ ሳይሆን በማደብዘዣ ብትቀያይሩ ለውጡ ይበልጥ ያምራል። ሞክሩት፤ ልጆችም ይወዱታል።

ቀጥዬ ወደ ሜክሲኮ እመለሳለሁ። ኸርማን ሮብሌስ የሚጫወትበት የ1957ቱ «ኤል ቫምፒሮ» ጥራት ያለው ኮፒ ያላችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።