በቀዩ ዓለት መሃል በመኪና
ላስ ቬጋስን ለቀን ኢንተርስቴት 15 የሚባለውን አውራ ጎዳና ስንይዝ ዙሪያው ሁሉ ግራጫ ነበር። አፈሩ ግራጫ፣ ቁጥቋጦው ግራጫ፣ ተራራውም ግራጫ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ አንድ ቁልቁለት ወረድንና ምድሩ በአንዴ ቀይ ሆነ። ጓደኛዬ "ቆይ፣ ቆይ፣ አቁም!" አለችኝ። ቫሊ ኦፍ ፋየር ደርሰናል።

ይህ የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት የመጀመሪያው የግዛት ፓርክ ነው። ዋናውን መንገድ ብቻ ይዞ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ ወደ ሰሜን የምትገነጠለው የዋይት ዶምስ መንገድ ናት የጉዞው ልብ። በቀያይ ዓለቶች መሃል ሾልካ ትገባለች፤ ትጠማዘዛለች፣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መስኮቱን ከፍተን በዝግታ ነዳን።

ድንጋዩ የጥንት የአሸዋ ክምር ነው። በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ፣ ነፋስ የቆለለው አሸዋ ተቀብሮና ተጣብቆ ዓለት ሆነ። ቅላቱ የብረት ዝገት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዓይኔ ቀለሙን ትቶ መስመሩን ይከተላል። ዓለቱ ላይ ሰያፍ የሆኑ ስስ መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ መስመር አሸዋው የተንሸራተተበት የክምር ቁልቁለት ነው። የታችኞቹ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ የላይኞቹ ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉበት ቦታ አየሁ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ የነፋስ አቅጣጫ ከድንጋይ ላይ ይነበባል! ሬይንቦው ቪስታ የሚባለው የመመልከቻ ቦታ ላይ ደግሞ ቀዩ፣ ሮዙ፣ ቢጫውና ነጩ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። ነጩ የከርሰ ምድር ውሃ ብረቱን አጥቦ የወሰደበት ነው።

ማውስስ ታንክ የሚባለው ጋ መኪናውን አቁመን በአሸዋው ላይ በእግር ገባን። የሸለቆው ግድግዳ ብረትና ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ልባስ አለው። የጥንት ነዋሪዎች ጥቁሩን እየወቀሩ፣ ከሥሩ ያለውን ፈካ ያለ ድንጋይ እያወጡ ሥለውበታል፦ የዱር በጎች፣ ሰዎች፣ ጥምዝምዝ ክቦች። ሸለቆው መጨረሻ ላይ የዝናብ ውሃ የሚያቁር የዓለት ጉድጓድ አለ። ሰው ለምን እዚህ ይመላለስ እንደነበር ያኔ ገባኝ። አንዳንድ ጎብኚ የራሱን ስም ከሥዕሉ አጠገብ ጭሮ ሄዷል። አንጀቴ ነው ያረረው። እባካችሁ፣ በእጃችሁም አትንኩት፤ የጣት ቅባት ይጎዳዋል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ በዚያ ወቅት የሚዘጉ የእግር መንገዶችም አሉ። ፓርኩ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚዘጋ በጠዋት ግቡ። ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ውሃ በብዛት ይዛችሁ ውጡ፤ ውስጥ ማደያ የለም።