ደራሽ

ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን ሙሉ ተኝቻለሁ። የሐምሌ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ የአዲስ አበባን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው፤ ተነሥቶ ውሃ የሚሞላልኝ ሰው የለም። ታናሽ እህቴ «እሑድ እመጣለሁ» ብላ ነበር። እሑድ አለፈ። እኩለ ቀን ላይ ለራሴ በጣም አዝኜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ደራሽ የሌለኝ ሰው» አልኩ። ይህን ደብተር የከፈትኩትም ስለ እሷ አንድ ሁለት ገጽ ላማርርበት ነበር።

ግን ቃሉ ያዘኝ። በጭንቅ ጊዜ ፈጥኖ የሚመጣልን ሰው ደራሽ ነው። ሳይታሰብ መጥቶ ጠራርጎ የሚወስደን ውሃም ደራሽ ነው። አንድ ቃል ሁለቱን እንዴት ቻላቸው? ድሬዳዋ ላላደገ ሰው ይህ የመዝገበ ቃላት ጥያቄ ሊመስለው ይችላል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ደቻቱን «ወንዛችን» ስል የጎጃም ልጆች ይስቁብኝ ነበር። ወንዝ የሚሉት ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰውን ነው። የእኛው አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ከዚራ የባቡር ልጅ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲመጣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ስለከበደ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ ሰፈሩም መንገዱ በመስመር ተለክቶ ተሠራ። መጋላ ደግሞ እንደፈለገ ተጠማዞ አደገ። በሁለቱ መካከል ድልድይ አለ፤ በበጋ ግን ድልድይ ማን ይፈልጋል? ወርደን፣ አሸዋውን ረግጠን፣ ወዲያ ማዶ እንወጣ ነበር። ቀትር ላይ አሸዋው ጫማ አልፎ እግር ይለበልባል፤ ኳስ የምንጫወተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ማገዶ የጫኑ ግመሎች በጨዋታው መሃል ሲያልፉ ጨዋታው ይቆማል፤ ግመል ዳኛ አይሰማም።

አሸዋ የሚጭኑት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ከጎርፍ ማግስት አዲሱን አሸዋ በአካፋ እየዛቁ መኪና ላይ ይወረውራሉ፤ የከተማዋ ግማሽ ግድግዳ ከዚያ የወጣ ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያየኋትን ሴትዮ ነው። በደረቁ ወንዝ መሃል ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ትጭራለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ሲገባ ጉድጓዱ ግርጌ ረጠበ። በጣሳ የቀዳችውን የመጀመሪያውን ድፍርስ ውሃ ደፋችው፤ ሁለተኛውንም ደፋችው፤ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ጠበቀች። ሦስተኛው ጠርቶ ወጣ። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ጣሳ እንደፈጀባት መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። እሷ ግን አልቸኮለችም።

ውሃው ከታች ነበር ማለት ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣውም ከጉድጓድ ነው፤ ያን ጉድጓድ መልሰው ከሚሞሉት አንዱ ያው የምንፈራው ጎርፍ ነው። አልፎ ሲሄድ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። ታዲያ ደራሹ ደረሰልን ማለት ነው?

እዚህ ላይ በራሴ ብልጠት ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ የጎረቤታችን ፊት መጣብኝ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ተረት የተናገረው የደጋ ሰው መሆን አለበት። ደቻቱ አያሳስቅም። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ደንገጎ ተራሮች ላይ ነው፤ ዳገቱ የተራቆተ ነው፣ አፈሩ ውሃ አይዝም፣ መንገዱም አጭርና ቁልቁል ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ፣ ሰማዩ ኮከብ እንደሞላ፣ ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። እናቴ እስከ ዛሬ አሸዋውን ከመሻገሯ በፊት ቆም ብላ ተራራውን ታያለች። ልጆች ሳለን ስትጠራን «ጎርፍ» እንኳ አትልም። «መጣ!» ብቻ። ማን ብለን አንጠይቅም፤ እንሮጣለን።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን «መጣ» የሚል አልነበረም። ሰው በተኛበት ነው የደረሰው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎረቤታችን እኅቷን ከነልጆቿ አጣች፤ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ለመለየት እንኳ ጭቃው ላይ ብዙ ቆመች። ከዚያ በኋላ ዳርና ዳሩ በግንብ ታጠረ። እሷ ግን ግንቡን አይታ «እሱ እንደሆነ መንገዱን አይረሳም» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። ስለ ጉድጓድ ውሃና ስለ አሸዋ ጥቅም ለእሷ የሚነግራት ካለ ይሞክር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይህ ሁሉ ኃይል የትም አይደርስም። ከከተማው አልፎ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወርድና ይበተናል፤ አሸዋው ይጠጣዋል። ትንሽ ሳለሁ ካርታ ላይ በጣቴ ስከተለው መስመሩ ድንገት አለቀብኝ፤ የካርታው ቀለም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ደራሽ የተባለው ውሃ ራሱ ሳይደርስ ይቀራል። ይህን አሁን እየጻፍኩት ነው ያየሁት፤ ትኩሳቱም ሊሆን ይችላል።

ምን ልጽፍ ነበር የጀመርኩት? ሰዓት ለማየት ስልኬን ከትራስ ሥር አወጣሁት። ድምፁን ጠዋት ለእንቅልፍ ብዬ አጥፍቼው ኖሯል። አምስት ያልተመለሱ ጥሪዎች፤ ሁሉም የእህቴ። አንድ መልእክትም አለ፤ «ሾርባ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ክፈት እንጂ፣ በሰበስኩ» ይላል። ከተላከ አንድ ሰዓት አልፎታል። በዚህ ቆርቆሮ ጩኸት በር ሲንኳኳ ማን ይሰማል?

አሁን ደውዬ ምን እላታለሁ? ስለ ደራሽ እየጻፍኩ ነበር?