ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ቶርኖ

ነገሩ የሆነው ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቶርኖ ቤት ነው፤ ቶርኖ ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ውስጡ ሁለት ቶርኖ፣ አንድ ፍሬዛ፣ አንድ ትራፓኖና አንድ ኮምፕሬሰር። የዚያ ሰሞን ሥራ 240 የገልባጭ መኪና ፒን ነበር፤ ውፍረታቸው 32 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው 110። ስድስት ሜትሩ ብረት ለሁለት ይቆረጥና 3 ሜትሩ ዘንግ በትልቁ ቶርኖ ስፒንድል (ውስጡ ክፍት የሆነው የሚዞር ምሶሶ) ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው ማንድሪኖ ከፊት ይይዘዋል፤ ፒኑ ተሠርቶ ሲቆረጥ ዘንጉ ወደ ፊት ይሳባል፤ ደግሞ ይሠራል፣ ይቆረጣል። ከአንድ ዘንግ 24 ገደማ ፒን ይወጣል። ኤችኤስኤስ ከሚባለው ጠንካራ ብረት በተሠራ መቁረጫ በደቂቃ 250 ዙር እየሄዱ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጩኸቱ አስቸጋሪ ነበር። ጠዋት ማሽኑ ሲነሣ ጓ ጓ ጓ የሚል ድምፅ ቤቱን ይሞላዋል። ከሰዓት እየሰከነ ይሄዳል፤ አመሻሹ ላይ ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይነጋገራል። በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ያው።

አለቃው በሙያው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ምክንያቱን ለመናገር ጊዜ አልፈጀባቸውም። «የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ነው። ሌሊት ብርድ ያወፍረዋል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል» አሉ። ግምቱ የሚናቅ አይደለም፤ ጠዋት ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚል ማሽን ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘይት ነው። ዘይቱ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። የስፒንድሉ ኩሽኔታ ተቀየረ፤ ሁለት ቀን ሥራ ቆመ፣ ብዙ ብርም ወጣ፤ ጩኸቱ ግን እንዳለ ነው። በመጨረሻ አንድ ሰው የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ እንደሚያጠፋ ነገራቸውና ከማሽኑ ኋላ ያለው ግድግዳ በሙሉ ካርቶን ለበሰ።

የእንቁላል ካርቶን ነገር መቼም አልሞት ብሏል። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው፤ ካርቶን ክብደት የለውም። ስፖንጅና የመሳሰለው ደግሞ ከግድግዳ የሚመለሰውን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ከማሽኑ በቀጥታ የሚመጣውን አይነካም። ከማንድሪኖው አንድ ክንድ ርቆ የቆመ ሠራተኛ የሚሰማው ደግሞ በአብዛኛው ይኸኛውን ነው።

ከሳምንት በኋላ ሥራው ዘገየ ተባለና የካርባይድ መቁረጫ ተገዛ። ካርባይድ ከኤችኤስኤስ የጠነከረ ነው፤ ፍጥነት ይፈልጋል። ቶርኖው ላይ የሚሠራው ልጅ ጠዋት አዲስ ዘንግ አስገብቶ ከ250 ወደ 710 ዙር አወጣው። ሒሳቡ በመቁረጫው በኩል ትክክል ነው፤ 32 ሚሊሜትር ብረት በ710 ዙር ማለት በደቂቃ 71 ሜትር የመቁረጥ ፍጥነት ነው፤ ካርባይድ ይህን ያለ ችግር ይችላል። ከማሽኑ ኋላ ወጥቶ የተንጠለጠለውን 1.9 ሜትር ብረት ግን ማንም አላሰበውም።

ጥቂት ሰከንድ አልፈጀም። የኋላው ብረት ጎበጠ፣ ከዚያ ወደ ጎን ታጠፈ፣ እየዞረም ሲሚንቶውን መደብደብ ጀመረ። ማሽኑ ከቦታው ተንቀሳቀሰ፤ አጠገቡ የነበረው የዕቃ መደርደሪያ ተገለበጠ። ልጁ የድንገተኛ ማቆሚያውን መታው። የተንጠለጠለው ክፍል ብቻ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያ ዙር 1.9 ሜትር ተዘርግቶ ቢዞር የጫፉ ፍጥነት በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚያ ጥግ ዘወትር የሚቆመው ብረት የሚቆርጠው ልጅ ነበር። ያን ጠዋት አልገባም።

ማሽኑን መልሶ በውሃ ልክ ለማስተካከል የመጣው የጥገና ባለሙያ የታጠፈውን ብረት ትንሽ አየና ስለ ጩኸቱ ጠየቀ።

«በስንት ሰዓት ነው የሚቀንሰው?»

«ሰዓቱን ልብ አላልኩትም ጋሼ» አለ ልጁ፤ «አሥራ ሁለተኛው ፒን ላይ ስደርስ ግን ይሻለዋል።»

ዘይት ፒን አይቆጥርም። አሥራ ሁለት ፒን ሲወጣ ዘንጉ ከነመቁረጫው ብክነት 1.4 ሜትር ገደማ ያጥራል፤ ከኋላ የሚንጠለጠለው ከ1.9 ወደ ግማሽ ሜትር ይወርዳል። ጩኸቱን የሚያሰክነው የቀኑ ሙቀት ሳይሆን የብረቱ ማጠር ነው።

ሌላም ምልክት ነበር፤ በጆሮ ብቻ የሚያዝ። 250 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ አራት ጊዜ መዞር ነው፤ ያ ጓ ጓ ጓም በሰከንድ አራት ጊዜ ይመታ ነበር። በዙር አንድ ጊዜ የሚመታ ድምፅ ሲገኝ ከስፒንድሉ ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ይፈለጋል። ማርሽ እንዲህ አይጮኽም። 40 ጥርስ ያለው ማርሽ በዚያው ዙር በሰከንድ 167 ጊዜ ስለሚነካካ ጆሮ የሚሰማው ተከታታይ ጉምጉምታ ነው፤ ሊቆጠር አይችልም። የተበላ ኩሽኔታም ይጎረብጣል፣ ያጉረመርማል እንጂ እንደ መዶሻ አይመታም።

የሚመታው ምን ነበር ቢባል፣ የስፒንድሉ ቀዳዳ 52 ሚሊሜትር ነው፤ ዘንጉ 32። ከፊት ማንድሪኖው ይዞታል፣ ከኋላ የያዘው የለም፤ 20 ሚሊሜትር ክፍተት ውስጥ ይወድቃል፣ ይነሣል። ፍጹም ቀጥ ያለ ብረት ከመደብር አይመጣምና በየዙሩ የቀዳዳውን አፍ ይመታል። ምቱ ከስፒንድሉ ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ ከዚያም ወደ ቺንጋው የላሜራ ሽፋን ያልፋል። ሰፊ ላሜራ ደግሞ ከበሮ ነው።

ፍጥነቱ ሲጨመር የሆነው ከዚህ የባሰ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ብረት እንደ ርዝመቱና ውፍረቱ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ ዙሩ ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም ትንሿ ጉብጠት እያደገች ብረቱን ታጥፈዋለች። ለ32 ሚሊሜትር ብረት 1.9 ሜትር ሲንጠለጠል ይህ ዙር 380 ገደማ ነው። ያዡ ላላ ካለ ከዚህም ይወርዳል። በ250 ዙር ሲሠሩ የሰነበቱት ለአደጋው ቅርብ ሆነው ነው፤ በ710 ደግሞ አልፈውት ሄዱ። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ልኩ አራት እጥፍ ያድጋል፤ 95 ሴንቲሜትር የሚንጠለጠለው ብረት እስከ 1500 ዙር አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ መጋዝ ላይ አንድ ጊዜ ተጨማሪ መቁረጥ ከየትኛውም ካርቶን ይበልጣል።

ኩሽኔታው መቀየሩ ለምን አልተሰማም የሚለው ጥያቄ አለቃውን ክፉኛ ከንክኗቸው ነበር። ባለሙያው ከማሽኑ ኋላ ያለውን ቦታ ሰው እንዳይገባበት አጥሮ፣ 2.5 ሜትር ቁራጭ አስገብቶ በ250 ዙር ብቻ አስነሣው፤ ስልኩን በሠራተኛው ጆሮ ከፍታ ላይ አድርጎ ለካ። ዘንግ ይዞ 94 ዴሲቤል፣ ባዶውን 86። ስልክ የተመሰከረለት መለኪያ አይደለም፤ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በፊትና በኋላ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ዴሲቤል እንደ ብር አይደመርም፤ ሁለት እኩል 90 የሚጮኹ ማሽኖች አብረው 93 ናቸው። እንግዲህ የማሽኑን የራሱን ድምፅ፣ ኩሽኔታውንም ማርሹንም ጨምሮ፣ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ቢቻል እንኳ 94ቱ ወደ 93 ቢወርድ ነው። ይህን ልዩነት ጆሮ አይለየውም። ትልቁ ድምፅ ሳይነካ ትንሹን ማሳደድ ገንዘብ መጣል የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጆሮ ጉዳይም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳል። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ልጁ ግማሽ ቀን ይቆምበት ነበር።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ስድስት ሜትሩ ለአራት ተቆረጠ፤ 1.5 ሜትሩ ዘንግ ከማሽኑ ኋላ የሚወጣው 40 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ዘንግ ማንድሪኖው የሚይዘው ቁራጭ ይተርፋል፤ በዚያ በኩል ኪሳራ አለው። ከስፒንድሉ ኋላ አፍ ላይ ከናይሎን የተቀረጸ ቀለበት ገባ፤ የውጭው 51.8፣ የውስጡ 32.5 ሚሊሜትር፣ ወደ ውስጥ እንዳይሸሽ ጫፉ ላይ ከንፈር ያለው፣ ከኋላ በሦስት ትናንሽ ብሎኖች የታሰረ። የብሎኖቹ ራስ እንዳይወጣ ተቀብሯል፤ የሚዞር ነገር ላይ ወጣ ያለ ብሎን ልብስ ይይዛል። የመጀመሪያው ቀለበት ከእንጨት ነበር፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ሲነካው አብጦ ዘንጉን አላሳልፍ አለ። ቀለበቱ ዘንጉን መሐል ላይ ስለያዘው መምታቱ ቆመ። የላሜራው ሽፋን ሥር የጎማ ሮንዴላ ገባ፤ ከውስጥ በኩል ለጣሪያ ውሃ መከላከያ የሚያገለግለው የሬንጅ ንጣፍ ተለጠፈ፤ ላሜራው ሲነካ መንጫጨቱን ትቶ ዱብ ብቻ ይላል። ረጅም ዘንግ የግድ ሲሆን ከኋላ ወለሉ ላይ የታሰረ፣ ውስጡ ፕላስቲክ የለበሰ ቱቦ ሙሉ ርዝመቱን ይሸፍነዋል፤ ያለዚያ ማሽኑ አይነሣም።

ልኬቱ 87 ሆነ።

ያኔ ነው ሌላው ጩኸት የተሰማው። ብረት ፍቅፋቂ የሚነፉበት የኮምፕሬሰር ቱቦ ጫፉ ባዶ ነበር፤ በ6 ባር ግፊት ሲለቀቅ ስልኩ ከ100 ዴሲቤል በላይ አሳየ። ትልቁ ድምፅ ሳለ እንደ ተራ ነገር ታልፎ ነበር። አየሩን በብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ የሚበትን አፍ ተገጠመለት፤ መቆጣጠሪያውም ወደ 2 ባር ወረደ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ለማጽጃ አየር የሚፈቅደውም ይህንኑ ያህል ነው። ቶርኖው ላይ ግን መንፋቱ ከነጭራሹ ቀርቶ ብሩሽና ሜንጦ ገባ፤ አየር ፍቅፋቂውን ተንሸራታቹ ሥር እየነዳ ማሽኑን ይበላዋል።

የእንቁላል ካርቶኑም ወረደ። ከግራይንደሩ ብልጭታ ሦስት ሜትር ላይ ነበር የተለጠፈው።