ፓኬት ፈቺ ፕሮግራም ስሠራ የተማርኩት

ዋየርሻርክ እያለ ሌላ የኔትወርክ ፕሮቶኮል ተንታኝ መሥራት ምን ይጠቅማል? ለዓለም ምንም። እኔ የሠራሁት ለራሴ ነው። ፓኬት፣ ማለትም በኔትወርክ የሚላክ ትንሽ የዳታ ቁራጭ፣ ከኔትወርክ ካርዱ ተነስቶ ስክሪን ላይ የሚነበብ ነገር እስኪሆን ድረስ መሃል ላይ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ፈልጌ። ንድፉን ግን ከባዶ አልጀመርኩም። ጄራልድ ኮምብስ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢተሪያል ብሎ ያወጣው፣ በ2006 ደግሞ ስሙ ዋየርሻርክ የሆነው ፕሮግራም ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። እሱን አጠገቤ ከፍቼ ሠራሁ።

መጀመሪያ የወሰንኩት ያዡን (ፓኬቱን ከካርዱ የሚቀበለውን ኮድ) ከፈቺው (ባይቱን ተርጉሞ ከሚያነበው) መለየት ነው። ሊኑክስ ላይ ከካርድ ጥሬ ፓኬት ለማንበብ ከተራ ተጠቃሚ ያለፈ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቺው ደግሞ የማላውቀው ሰው የላከውን ባይት ሁሉ የሚያነብ ኮድ ነው። ሁለቱን አንድ ፕሮሰስ ውስጥ መክተት ለሌባ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ዋየርሻርክም መያዙን ደምፕካፕ ለሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይተወዋል። ደምፕካፕ ፓኬቱን ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ይዘቱን ልፍታ አይልም። የእኔም ያዥ ሊብፒካፕ በሚባለው ፓኬት መያዣ ላይብረሪ ካርዱን ከፍቶ ፋይል ላይ ከመጻፍ ሌላ ሥራ የለውም። ፈቺው ቢወድቅ እንኳ መያዙ ይቀጥላል። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። አንዴ የተያዘ ፋይል ካለ ፈቺውን ደጋግሞ ለመሞከር ኔትወርክ አያስፈልግም። አብዛኛውን ሥራ የሠራሁት ኢንተርኔት ዘግቼ ነው።

ፈቺዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ኢተርኔትን (የውጨኛውን ጥቅል) የሚፈታው ኮድ ውስጡ ስላለው ስለ አይፒ ምንም አያውቅም። የዓይነት ቁጥሩን አንብቦ ሰንጠረዥ ይጠይቃል፦ በሄክሳዴሲማል 0800 ከሆነ አይፒ ቨርዥን 4፣ 0806 ከሆነ ኤአርፒ (አንድ የአይፒ አድራሻ የየትኛው ካርድ እንደሆነ የሚጠይቀው)። አይፒም እንዲሁ 6ን ለቲሲፒ፣ 17ን ለዩዲፒ ያስረክባል፤ ሁለቱም የፕሮግራሞችን ዳታ የሚያጓጉዙ ናቸው። እያንዳንዱ ፈቺ ፕሮግራሙ ሲነሳ ራሱን ሰንጠረዡ ላይ ያስመዘግባል። አዲስ ፕሮቶኮል ስጨምር የድሮውን ኮድ አልነካም። ፖርት (የትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚጠቁመው ቁጥር) ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይላላል። በ53 የሚመጣ ሁሉ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠው) አይደለም፤ ዲኤንኤስም ሁሌ በ53 አይመጣም። ስለዚህ ተጠቃሚው «ይሄን እንዲህ ብለህ ፍታ» የሚልበት መንገድ ከመጀመሪያው ማዘጋጀት ግድ ነው።

ባይት ማንበቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፍኩት በፓይተን ነው። ፓይተን ደግሞ 10 ባይት ካለው ነገር ላይ 20 ቁረጥ ቢሉት አይቆጣም፤ ያለውን 10 ሰጥቶ ዝም ይላል። ከዚያ ጎዶሎ ባይት የተሳሳተ ቁጥር ይወጣል፣ ማንም ሳያውቅ። ስለዚህ ማንኛውም ፈቺ ባይቱን በቀጥታ እንዳይነካ ከለከልኩ። ሁሉም የሚያነበው ድንበር በሚጠብቅ አንድ ክላስ በኩል ነው። ድንበር ከታለፈ ስህተት ይወረወራል፣ እስከዚያ የተፈታው ይታያል፣ ከሥሩም «የተበላሸ ፓኬት» ተብሎ ይጻፋል። ይህም ብቻ አይበቃም። ዲኤንኤስ ስም ለማሳጠር «ቀሪውን እዚያ ቦታ ላይ አንብብ» የሚል ጠቋሚ ይጠቀማል። አንድ ተንኮለኛ ጠቋሚውን ወደ ራሱ ቢያዞረው ፈቺው እዚያው ሲሽከረከር ይኖራል። የእኔ ፈቺ ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ ጠቋሚ ይቀበላል፤ ስሙም ከ255 ባይት ካለፈ ያቆማል።

ከሁሉም ያደከመኝ ግን ቅደም ተከተል ነው። ፋይሉ ሲከፈት ፓኬቶቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ይፈታሉ። ከዚያ ተጠቃሚው 900ኛውን ይጫናል፣ ቀጥሎ 3ኛውን፣ ደግሞ ተመልሶ 900ኛውን። ቲሲፒ አንድን መልእክት ለብዙ ፓኬት ሊከፋፍለው ስለሚችል ፈቺው ያለፈውን ማስታወስ አለበት። ተጠቃሚው በጫነ ቁጥር ማስታወሻው ከተለወጠ ግን ውጤቱም ይለወጣል፤ ያው ፓኬት ዛሬ ሌላ ነገ ሌላ። ዋየርሻርክ እያንዳንዱ ፓኬት አንዴ መታየት አለመታየቱን ይመዘግባል። እኔም ይህንኑ ወሰድኩ፦ ማስታወሻ የሚጻፈው በመጀመሪያው ዙር ብቻ፣ በፓኬቱ ቁጥር። ከዚያ በኋላ ማንበብ እንጂ መጻፍ የለም። ይህ ሕግ ሜሞሪም ያተርፋል። የተፈታውን ዝርዝር ሁሉ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም። ፓኬቱ ፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ ብቻ ይያዛል፤ ሲጫኑት እንደገና ይፈታል።

ፊልተር ሁለት ዓይነት ነው፣ መቀላቀል የለባቸውም። አንዱ ሲያዝ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚያጣራው ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን የጣለው ተመልሶ አይገኝም። ሌላው ከተፈታ በኋላ በመስክ ስም (ለምሳሌ በላኪው አድራሻ) የሚያጣራው ነው፤ ዝግ ይላል፣ ግን የሚጠፋ ነገር የለም። የምፈልገውን በደንብ ሳላውቅ የመጀመሪያውን አልጠቀምም።

አሁን የገጠመኝ ጣጣ ብሮውዘሮች የሚጠቀሙበት ኪዊክ የሚባል ፕሮቶኮል ነው። በዩዲፒ ላይ ይሄዳል፣ ይዘቱ በአብዛኛው፣ ራስጌውም (ከይዘቱ በፊት ያለው የመግቢያ መረጃ) በከፊል የተመሰጠረ ነው። ብሮውዘሮች ቁልፋቸውን ፋይል ላይ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ግን ያ ቁልፍ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ዘግይቶ ቢመጣስ? ማስታወሻው ሁሉ ተጥሎ ከ1ኛው ፓኬት እንደገና መጀመር አለበት። ለጊዜው እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ትልቅ ፋይል ላይ ያንቀራፍፋል።